ጋሽ እንድሪስ ያበሉን ፒያሳ

ወርቅ ሠሪው ጋሽ እንድሪስ ሙሄ ባለፈው ዓርብ ጠዋት አፍንጮ በር በሚገኘው ቤታቸው ሕይወታቸው አልፏል። ከጁምዓ በኋላ ተሰግዶባቸው በዚያው ዕለት ተቀበሩ። ስልክ ተደውሎ ያልደረሳችሁ፣ ሰፈር ለቃችሁ ርቃችሁ የሄዳችሁ፣ የጋብቻ ቀለበታችሁን ሠርተውላችሁ መሞታቸውን ያልሰማችሁ ብዙ ናችሁና ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ቀብሩ ላይ ሰው ጥቂት ነበር። ድሮ ቢሆን ፒያሳ ሱቋን ዘግታ ትወጣላቸው ነበር። አሁን ማን የት እንደገባ ማን ያውቃል? ሁሉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል።

እኔ አስቴር ነኝ። እሳቸው በጓዳ ክፍሉ ይሠሩበት በነበረው ወርቅ ቤት፣ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሻጭ። በሁለታችን መካከል አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር።

ሐኪሞቹ የጉሮሮ ካንሰር ነው ብለው ጽፈዋል። ልክ ናቸው፤ አልከራከራቸውም። እኔ ግን ያየሁትን ሳላለሳልስ ልናገር። ጋሽ እንድሪስ የሞቱት በረሃብ ነው። ስንቱን ሰው እጁን ይዘው ከቤት ቤት እየወሰዱ ያበሉ ሰው ተርበው ሞቱ። እውነቱ ይኸው ነው።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው አፍንጮ በር የከተሙ፣ እሳቸው ግን እዚያው ተወልደው ያደጉ አራዳ ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ እስከ አንገታቸው የተቆለፈ፣ ሲቀልዱ ፊታቸው የማይስቅ ሰው። ሥራ ላይ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በቀጭን ቱቦ እሳቱን ወደ ወርቁ እየነፉ፣ ወርቁ ቀይ ሆኖ ክብ ብሎ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ዓይናቸውን አይነቅሉም ነበር። «አስቱ፣ ወርቅ ሳቀልጥ አታናግሪኝ፤ ስበላ ግን ዝም አትበይኝ» ይሉኝ ነበር።

በየምግብ ቤቱ የምናደርገው ዙረታችን እንዴት እንደተጀመረ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። የጀመረው በሶስና ነው። ሶስና አምስት ኪሎ የምታስተምር መምህርት ናት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሱቃችን ገብታ የቃል ኪዳን ቀለበቷን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። እጮኛዋ በመኪና አደጋ ሞቶባት ነበር። ጋሽ እንድሪስን ጠራኋቸው።

«አቅልጡልኝ» አለቻቸው።

«ምን ላድርገው?»

«ምንም። ቀለበት አይሁን እንጂ የፈለገውን ይሁን።»

ቀለበቱን አላነሡትም። ፊቷን አዩት፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «እህል ከቀመስሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አሏት። ቀለበቱን ወደሳቸው ገፋችው።

«በባዶ ሆድሽማ አላቀልጥልሽም። መጀመሪያ ብዪ።»

ሽርጣቸውን ፈቱ፤ እሳታቸውን አጠፉ። ከጎናችን ጫማ የሚሸጠውን ተካን በበሩ ጠሩት። ተካ ጉራጌ ነው፣ ሱቁን በሥራ ቀን ዘግቶ የማያውቅ ሰው።

«ተካ፣ ዝጋ!»

«ምነው ጋሼ? ማክሰኞ እኮ ነው!»

«ለኛ እሁድ ነው። ና።»

እኔም ለወርቅ ቤቱ ባለቤት ነግሬ ወጣሁ። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ገደማ በእግራችን ዞርን። ፉል ቤት ገባን፤ ሶስና አንድ ጊዜ አጥቅሳ ተወችው። ተነሥተን ሳምቡሳ ቤት ሄድን፤ ግማሿን በላች። ፈጢራ ቤት፣ እርጎ ቤት፣ ኬክ ቤት፣ በየቤቱ አንድ ሳህን ለሁላችን። እሳቸው ስለ ቀለበቱም ሆነ ስለ ሟቹ አንድም ቃል አላነሡም። የሚያወሩት ስለ ዘይቱ፣ ስለ ዳቦው፣ ባለቤቱ ከሚስቱ ጋር የተጣላ ቀን ፉሉ እንዴት ጨው እንደሚበዛበት ነበር። ወደ አመሻሹ ላይ ዶሮ ማነቂያ ሽሮ ቤት ተቀምጠን ሶስና ድንገት ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ «ራበኝ፤ ይቅርታ፣ በጣም ራበኝ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ እንድሪስ የሳህኑን ጠርዝ ወደሷ ገፋ አደረጉት። «ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል! ጎሽ። ብዪ።»

በማግስቱ ቀለበቱን አቅልጠው ትንንሽ የጆሮ ጌጥ ሠሩላት።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጾም ሲፈታ አንድ እሁድ እንዞር ነበር። እሳቸው፣ ተካ፣ ሶስናና እኔ። ክትፎ ቤት ስንገባ እሳቸው አይቡንና ጎመኑን ይበላሉ፤ የሙስሊም ቤት ገብተን ሥጋ ሲቀርብ ደግሞ እኛ ፈጢራችንን እንበላለን። «ሥጋው ይለያየናል፣ ጎመኑ ይመልሰናል» እያሉ ተካን ያስቁት ነበር። በየመንገዱ የሚያውቁት ሰው ይበዛል። ሊስትሮው፣ የሎተሪ አዟሪው፣ ታክሲ የሚያሳፍረው። የራበው ፊት ካዩ አያልፉም። «እንግዲህ አምስት ሆነናል፣ ሳህኑን አስፉት» ይላሉ አስተናጋጁን።

ከዚያ የምታውቁት ሆነ። ሰፈሩ ተነሣ። እሳቸው የሚሠሩበት ረድፍ ፈረሰ፤ የበላንባቸው ቤቶችም አብዛኞቹ ፈረሱ። መሣሪያቸውን በጆንያ አድርገው አፍንጮ በር ቤታቸው አንዲት ክፍል ውስጥ አስገቡት። ደንበኛ ግን ተከትሏቸው አልመጣም። አንዳንዴ ስጠይቃቸው ስሄድ የሚሠሩት ነገር ሳይኖር ከሥራ ጠረጴዛቸው ፊት ሸሚዛቸውን ቆልፈው ተቀምጠው አገኛቸው ነበር።

በሽታው የመጣው በዚሁ መሐል ነው። መጀመሪያ ዳቦ እምቢ አላቸው፤ በውሃ ገፉት። ቀጥሎ እንጀራ፣ ቀጥሎ ገንፎ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ጊዜው አልፏል ተባለ። ቱቦ ሊያስገቡላቸው ሞከሩ፤ አልሆነም። ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም ሐኪሙ እግር ላይ ወደቁ። «የኔ ልጅ፣ አንዲት ጉርሻ የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ ክፈትልኝ። ሌላ አልጠይቅህም፤ አንዲት ጉርሻ» አሉት። ወጣቱ ሐኪም ጎንበስ ብሎ አነሣቸው፤ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር። ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። ሁለቱ ብቻቸውን ነበር የኖሩት።

ጋሽ እንድሪስ ግን እኛን ሲያዩ መቀለዳቸውን አልተዉም። «ጉሮሮዬ ኬላ አቁሟል፤ ውሃ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ እሱንም ፈትሾ» አሉን። ሣቅን። ከዚያ ወጥተን የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ተካ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አንድ ቅዳሜ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «አስቱ፣ ነገ እንዞራለን። ለተካም ለሶስናም ንገሪ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት አድርገው...»

«እናንተ ትበላላችሁ። እኔ እዞራለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ስንደርስ እትዬ ዘምዘም በሩ ላይ ቆመዋል። «ወዴት ልትወስዱት ነው? አጥንቱን ነው የምታዞሩት?» አሉን። ጋሽ እንድሪስ ከውስጥ ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ዘምዘም፣ እዚህም ተኝቼ የጎረቤት ወጥ ሽታ ይመጣብኛል። ሄጄ ከነሱ ጋር ልሽተተው።»

እትዬ ዘምዘም ጋቢውን በአንገታቸው ዙሪያ አስተካከሉላቸውና «እኔ አልመጣም። ሰው ሲበላ ቆመህ ስታይ ማየት አልችልም» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

እሳቸው የተካን ክንድ ይዘው፣ ሁላችንም ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድን። ትንሽ ሄደው ይቆማሉ፤ ደግሞ ትንሽ ይሄዳሉ። መንገዱ ዳር ካለችው ፉል ቤት ገባን። አንድ ሳህን ፉል፣ ዳቦና ቃሪያ መጣ። ሦስታችንም እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ሳህኑን እናያለን።

«ብሉ እንጂ! ለማየት ከሆነ እኔ አለሁ» አሉ።

ተካ አጥቅሶ ጎረሠ። እያኘከ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እንዴት ነው?» አሉት።

«ይጣፍጣል።»

«ይጣፍጣል ማለት ምን ማለት ነው? እሱንማ ማስታወቂያም ይለዋል። በደንብ ንገረኝ።»

ተካ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ሶስና ጎረሠችና፣ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምር ቀስ ብላ፣ «ባቄላው ልስልስ ብሏል። ከሙን አለበት። ቃሪያው መጀመሪያ ዝም ይልና ኋላ ጆሮ ላይ ይወጣል» አለቻቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እ... ጆሮ ላይ። ልክ ነሽ።» ጉሮሯቸው አፋቸው ውስጥ ምንም ሳይኖር የመዋጥ እንቅስቃሴ አደረገ። እኔ ያን ጊዜ ተነሥቼ ለመውጣት ፈልጌ ነበር። አልወጣሁም።

ፒያሳ ስንደርስ ከቀሩት ኬክ ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። አስተናጋጁ ከሩቅ አይቷቸው ሳይታዘዝ ማኪያቶና የሚወዱትን ክሬም ያለበት ኬክ አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ጠፉብን እኮ!» አላቸው። አመሰገኑት። በሁለት እጃቸው ብርጭቆውን ይዘው መዳፋቸውን አሞቁበት። አስተናጋጁ ተመልሶ ሲመጣ ሁሉም እንደነበረ ነው።

«ኧረ አልነኩትም! ተበላሽቷል እንዴ?»

«የለም ወንድሜ፤ የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ቀልድ መስሎት ሣቀ። እሳቸውም ሣቁለት።

ከዚያ ሱቃችን ወደነበረበት ወደ ዶሮ ማነቂያ ሄድን። እንዳትሄዱ የሚል ሰው ቢኖር ምን ነበረ! ሰፈሩ የነበረበት ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በዳሩ ሰፊ መንገድና አዲስ የእግረኛ ንጣፍ አለ። ጋሽ እንድሪስ የተካን ክንድ ለቀው ወደ ፊት ሄዱ። «የኔ በር እዚህ ጋ ነበር» አሉ። ዘወር ብለው አዩ። «የለም፣ እዚህ ጋ።» ደግሞ ትንሽ ተራመዱ። «ሽሮ ቤቱ በዚህ በኩል ከሆነ...» አሉና ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን ጠዋት ጠዋት የከፈቱትን በር ቦታ ማግኘት አልቻሉም። ወደኔ ዞሩ። እንደዚያ ዓይነት ፊት በሳቸው ላይ አይቼ አላውቅም፤ እናቱ የጠፋችበት ልጅ ፊት ነበር።

«ርቦኛል፣ አስቱ» አሉኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። «አሞኛል» ነበር የሚሉት። እኛም «አሟቸዋል» ነበር የምንለው።

«ሰው እንደሚርበው ነው የራበኝ። ማታ ማታ በእንቅልፌ አኝካለሁ። ዘምዘም ጥርሴ ሲፋጭ እየሰማች ታለቅሳለች፤ የማልሰማ መስሏት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የእትዬ በላይነሽ ተልባ ቢሆን ኖሮ ይወርድልኝ ነበር። ተልባ ያንሸራትታል።»

እትዬ በላይነሽ ከሱቃችን ጀርባ ተልባ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በማር በጥብጠው የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ሲነሣ ከተማው ጫፍ ሄደዋል። ተካ ስልካቸው ነበረው፤ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁላችንም ሰማን።

«ተልባ? እሱንማ ተውኩት ልጄ። እዚህ ማን ያውቀኛል ብዬ እሠራለሁ?»

«ለጋሽ እንድሪስ ነው እትዬ። መዋጥ አቅቷቸዋል።»

«የት ናችሁ?»

«ዶሮ ማነቂያ... የነበረበት።»

«እንዳትሄዱ።»

እዚያው መንገዱ ዳር ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀምጠን ጠበቅናቸው። ፀሐዩ ከራሳችን በላይ ሆነ፤ ዘወር አለ። ማናችንም ምንም አልቀመስንም። መጠበቁ ግን ክፉ ነገር አደረገብን፤ ተስፋ ሰጠን። ሐኪሞች ያላወቁት፣ ቱቦው ያልቻለው ነገር በተልባ እንደሚሆን ቀስ በቀስ አመንን። ሶስና ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ተካ «ይወርዳል፤ ለምን አይወርድም?» እያለ ይመላለስ ነበር። እኔም አመንኩ። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ እኔም አመንኩ።

እትዬ በላይነሽ ታክሲ እየቀያየሩ፣ በፌስታል የተቋጠረ ጆግ ደረታቸው ላይ አቅፈው እያለከለኩ ደረሱ። ጋሽ እንድሪስን ሲያዩ ቆም አሉ። ከዚያ ቀረብ ብለው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «እንድሪስዬ፣ ምን ሆንክብኝ?»

«ረሃብ ነው እትዬ» አሏቸው።

በኩባያ ቀዱላቸው። ጋሽ እንድሪስ «ቢስሚላህ» ብለው ተጎነጩ። አፋቸው ውስጥ ያዙት። ፊታቸው በራ፤ አልዋሻችሁም፣ በራ። ከዚያ ዋጡ። ሁላችንም ወደ ፊት ጎንበስ ብለን ጉሮሯቸውን እናያለን።

«ወረደ!» ብሎ ተካ ጮኸ። «ወረደ!»

አልወረደም። ደረታቸው አንድ ጊዜ ተነሣ፣ ሁለተኛ ተነሣ፤ በአፋቸውም በአፍንጫቸውም ተመለሰ። ደም ነበረበት። እትዬ በላይነሽ በነጠላቸው እየጠረጉላቸው «የኔ ጥፋት ነው፣ ወፍራም ሆኖ ነው፣ በደንብ አላጠለልኩትም፣ ቀጠን ላድርገው» እያሉ ከሶስና ጠርሙስ ውሃ ጨመሩበት። እንደገና ሞከሩ። እንደገና ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊቀዱ ሲሉ ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ኩባያው ላይ ጫኑ።

«ይበቃል እትዬ። ምላሴ ድረስ ደርሷል። ጣዕሙን አግኝቼዋለሁ።»

እትዬ በላይነሽ አዲሱ ንጣፍ ላይ ቁጭ ብለው እሪ አሉ። መንገደኛው ቆመ። አንድ ጥበቃ እየሮጠ መጣ፣ አየን፣ ተመልሶ ሄደ። ጋሽ እንድሪስ አፋቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደኛ ዞሩ። «ጠጡት። ከዚያ ድረስ ተሸክመውት መጥተው ሊመልሱት ነው እንዴ?» አሉን። በዚያችው ኩባያ በየተራ ጠጣን። እንባዬ ገብቶበት ጨው ጨው ይለኝ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

በእግር መመለስ አልቻሉም። በታክሲ ወሰድናቸው። እትዬ ዘምዘም በሩን ከፍተው ጋቢው ላይ ያለውን ደም አዩ፤ ምንም አልጠየቁንም። ተቀብለውን አስገቧቸው።

ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሡም። በመጨረሻ ኬላው ውሃውንም ከለከለ። እትዬ ዘምዘም ጥጥ እየነከሩ ከንፈራቸውን ያረጥቡላቸው ነበር። ሐሙስ ዕለት ሄጄ አጠገባቸው ስቀመጥ ዓይናቸውን ገልጠው «ምሳ በልተሻል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ምንም ሲናገሩ አልሰማሁም።

ከቀብር ስንመለስ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። እንደ ወጋችን ጎረቤት ሁሉ ምግብ ይዞ መጣ። ቤቱ በምግብ ሞላ። ድስት በድስት ላይ፣ ሌማት በሌማት ላይ ተደራረበ፤ የሚቀመጥበት ጠፍቶ እሳቸው ወርቅ የሚሠሩባት ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ተደረደረ። እትዬ ዘምዘም ያን አይተው «አሁን? አሁን ነው የምታመጡት?» ብለው ጮኹ። ማንም ላይ መቆጣታቸው አልነበረም። ሶስና ይዛቸው ወደ ጓዳ ገባች። ተካ ደጅ ቆሞ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አዲሱን ሱቁን አልከፈተም። ለቅሶ ያልደረሳችሁ እባካችሁ ሂዱ። እትዬ ዘምዘም ብቻቸውን ናቸው። ባዶ እጃችሁን ሂዱ፤ ዝም ብላችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ጋሽ እንድሪስ፣ የሚያጽናና ነገር ልጽፍልዎ ፈልጌ እነዚህን ቀናት ሁሉ ተቀመጥኩ። አላገኘሁም። እትዬ ዘምዘም ጀነትን እንዲሰጥዎ በየሶላታቸው ይለምናሉ። እኔም ጊዮርጊስ ደጅ ቆሜ ስምዎን እጠራለሁ፤ ካህኑ አይሰማም፣ የሚሰማው ይሰማል። ሰዎች «ከሥቃይ አረፉ» ይሉኛል። አረፉ ልል ስል አፌ ይያዛል፤ ማረፍ አልፈለጉም ነበርና። ከኛ ጋር መቆየት ነበር የፈለጉት። ቢቆዩ እንኳ የት እንደምንወስድዎ አላውቅም። ከተማው ሲያልቅብዎ አየሁ፤ ገላዎ ሲያልቅ አየሁ፤ ይዤ ያቆየሁት አንድም ነገር የለም።

ደህና ይሁኑ ጋሼ። እኛ ደህና አይደለንም።